የአያ ፈረደ መያዣ

አያ ፈረደ አረፉ ሲሉኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «መኪናዋ እኮ ፊቷን ወደ መውጫው አዙራ ነው የቆመችው!» የሚል ነበር። ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሸጊያው ላይ ቆመን ነበር። ያረዳችኝ ልጅ አፈጠጠችብኝ። «አንች! ሰውየው ሞቱ ነው እኮ የምልሽ፤ አንች ስለ መኪና ታወሪኛለሽ?» አለች። ምን ልበላት? አያ ፈረደን በደንብ ያላወቀ ሰው አይገባውም። መኪናዋ ፊቷን ወደ መውጫው አዙራ ከቆመች፣ ሰውየው ሊመለሱ አስበው ነበር ማለት ነው። ጓንቴን አወለቅሁና መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

በደቡብ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ የእኛ ሰው ሆኖ ያችን ነጭ ሚኒባስ የማያውቅ አልነበረም። ጠዋት ከየሕንጻችን ሥር እየለቀሙ ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው የሚያደርሱን፣ ከሰዓት የሚመልሱን እሳቸው ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ጸጉራቸው ከጆሯቸው በላይ ብቻ የሸበተ፣ በጋ ክረምት ያችኑ ቡና ዓይነት ጃኬት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ከሹፌሩ ወንበር ፊት፣ ሌላው ሰው ሳንቲም የሚያስቀምጥባት ጎድጓዳ ቦታ ላይ፣ አንዲት ጥቁር ለስላሳ ጠጠር ነበረቻቸው። መኪና ሲያጥቡ እንኳ ጠጠሯን አንስተው ኪሳቸው ይከቷትና ሲጨርሱ ይመልሷታል። ምንድን ናት ብሎ የጠየቀ የለም። ሹፌር ሁሉ አንድ ነገር አያጣም፤ አንዱ የልጁን ፎቶ ይሰቅላል፣ አንዱ የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ያስቀምጣል።

ከፋብሪካው ምልልስ ሌላ ሰው ወደብ ያደርሱ ነበር። በዚያ ሰሞን የሠራተኛው ኮሚቴ፣ ቫዓድ የምንለው፣ ለበዓል ስጦታ የመርከብ ጉዞ ማስያዝ ጀምሮ ነበር። ቆጵሮስ ደርሶ መመለስ፣ የግሪክ ደሴት አይቶ መመለስ። ወይ ጉድ! እኔን የመሰለች፣ በልጅነቷ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሆድ ከመንደርተኛው ጋር ተጠቅጥቃ የመጣች፣ ባሕር ላይ ልትዝናና! መኪና ያለውም ቢሆን አሽዶድ ወይ ሐይፋ ወደብ ሲደርስ መኪናውን የት እንደሚያቆም ግራ ይገባዋል። የወደቡ ማቆሚያ ይሞላል። መንገድ ዳር ጥሎ የተሳፈረ ሲመለስ መኪናው ተጎትቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሁሉም ለአያ ፈረደ ይደውላል።

እሳቸው ጋ የተሳፈረ ግን ጠባያቸውን መቻል አለበት። መርከቡ ሊነሣ ግማሽ ቀን ሲቀረው ነው ከቤት የሚያስወጡህ። «ቸኩሎ የወጣ ሰው ነፍሱን ቤት ይረሳል» ይላሉ። ወደቡ ሲደርሱ ደግሞ ስንት ባዶ ቦታ እያለ ፊት ለፊት ሰተት ብለው አይገቡም። ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ቢነፋም፣ ቢሳደብም፣ ወደ ኋላ እያሉ እያሉ ነው የሚያስገቧት፤ መኪናዋ ፊቷን ወደ መውጫው ካላዞረች ሞተር አያጠፉም። ከዚያ ሰውን አውርደው አይሄዱም። መርከቡ ተነሥቶ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ከዓይን እስኪጠፋ አጥሩ ሥር ይቆማሉ። ልጆቹ «አያ፣ ይሂዱ እንጂ፤ መርከቡን የሚነዱት እርስዎ ነዎት እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው «ሸኚ ጀርባ አይሰጥም» ይላሉ።

እኔ ግን ሌላም ነገር አይቼባቸዋለሁ። ከጎናቸው የመቀመጥ ልማድ ስለነበረኝ ነው። ባሕሩ ከሩቅ ብቅ ሲል ንግግራቸው ይቋረጣል። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ይላል። መኪናዋን እስኪያቆሙ ወደ ውኃው አያዩም። ቫዓዱ አንድ ጊዜ ለልፋታቸው ብሎ ትኬት ቢሰጣቸው ለጎረቤት ሰጡት።

«አያ፣ ባሕር ይፈራሉ እንዴ?» አልኋቸው።

«ፈሪ ነኝ እኮ፣ እቴ። አላወቅሽም?»

«ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ይመጣሉ?»

«ፍርሃት እንደ መኪና ነው። ማቆሚያ ካላገኘሽለት ቀኑን ሙሉ ሲዞርብሽ ይውላል። እኔ እዚህ አምጥቼ አቆመዋለሁ፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ።»

ሳቅሁ። እኔም ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። በር ሲንኳኳ የምደነግጥ፣ ስልክ ሲጮኽ መርዶ የሚመስለኝ ሴት ነኝ። የእኔ ፍርሃት ግን ማቆሚያ ኖሮት አያውቅም።

የሮኬቱ በጋ መጣ።

ከጋዛ ሮኬት የዘነበበትን ያን በጋ የደቡብ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ሳይረኑ፣ አዛቃ የምንለው፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ መቁጠር ትተን ነበር። ሕንጻችን አሮጌ ስለሆነ መጠለያ ክፍል የለውም፤ ሲጮኽ ወጥተን ደረጃው ሥር ግድግዳ ታክከን እንቀመጣለን። ባሌን ለብሔራዊ ተጠባባቂ ጦር ጠርተውት ወደ ድንበር ሄዷል። እኔና የዘጠኝ ዓመት ልጄ ኖዓ ብቻችንን ነን። ኖዓ መነጽሯን ሳታደርግ ግድግዳውን እንኳ የማታይ ልጅ ናት፤ እሷን በአንድ እጄ፣ መነጽሯን በአንድ እጄ ይዤ ነው ደረጃ የምወርደው። መብላት ቀነሰች። አልጋዋን ማርጠብ ጀመረች። የሞተር ብስክሌት ድምፅ ሲሰማ እንኳ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። እኔ ደግሞ እያየኋት በውስጤ አልቃለሁ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ቫዓዱ ለእኔና ለኖዓ የመርከብ ትኬት ሰጥቶን ነበር። እኔ እንዴት ልሂድ? ባሌ ግንባር እያለ ስልክ የማይደርስበት ባሕር መሐል ልገባ? ልጄን ግን ከዚህ ላውጣት አልሁ። ለጥቂት ቀን እንኳ ጆሮዋ ይረፍ። እህቴ ብርቱካን በእኔ ቦታ ይዛት እንድትሄድ ተስማማን። መርከቡ ከአሽዶድ ይነሣ የነበረው በሮኬቱ የተነሣ ከሐይፋ ነው ተባለ። አያ ፈረደ ስደውልላቸው አንድ ቃል አላበዙም። «ጠዋት ከሥር እጠብቃችኋለሁ» አሉ።

ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ አዛቃው ጮኸ። ፊት ለፊታችን ያሉት መኪኖች ቀጥ ቀጥ አሉ፤ ሰው በር እየበረገደ ወደ ሜዳው ይሮጣል። እኔ በሩን ይዤ እጮኻለሁ። አያ ፈረደ፣ ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ መኪናዋን ከአስፋልቱ አውጥተው በሥርዓት ያቆማሉ!

«አያ! ምን እያደረጉ ነው? ልናልቅ ነው እኮ!»

«መንገድ ዘግቶ መሮጥ ሌላውን መግደል ነው» አሉና ሞተር አጠፉ። ከዚያ ኖዓን ብድግ አድርገው ወርደው፣ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ አስተኝተዋት በላይዋ ተደፉ። እኔና ብርቱካን ከጎናቸው እጃችንን ራሳችን ላይ አድርገን ተኛን። ሰማዩ ላይ ፈነዳ። ደረቴ ውስጥ የፈነዳ ነው የመሰለኝ። አፈር አፌ ውስጥ ገብቶ፣ የባሌን ስም ስጠራ እንደነበር ብርቱካን ናት ኋላ የነገረችኝ።

ስንነሣ የኖዓ ቀሚስ ርሷል። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኔ ምን እንደምል ሳስብ፣ አያ ፈረደ ያችን የማያወልቋትን ጃኬት አወለቁ። «ይኸ ጃኬት ዛሬ አቃጠለኝ፤ እስቲ አንች ታጠቂልኝ» ብለው ወገቧ ላይ አሰሩላት። ሐይፋ እስክንደርስ ሌላ ነገር አልተነሣም።

ወደቡ ግን ሌላ ጉድ ይዞ ጠበቀን። አያ ፈረደ እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ እያሉ አስገብተው ሞተር እንዳጠፉ፣ ከማቆሚያው አጥር ማዶ መርከቡ ነጭ ሆኖ ከሕንጻ በላይ ተገትሮ ታየ። ኖዓ አየችውና የወንበሩን ብረት ጨምድዳ ያዘች። አልወርድም አለች። ብርቱካን ለመነቻት፣ እኔ ተቆጣሁ፣ ኋላ እኔም አለቀስሁ። ወረፋው እየገባ ነው፤ መርከቡ ሊሄድባቸው ነው።

«እኔ ከሄድኩ ሮኬቱ እናቴ ላይ ይወድቃል» አለች። «ስመለስ አትኖርም። አባባም አይኖርም።»

 እኔ ራሴ ሌት ተቀን የማስበውን ነው የተናገረችው።

አያ ፈረደ ዞረው በእሷ በኩል በሩን ከፈቱና መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። ኖዓ አንተ ነው የምትላቸው፤ ዕብራይስጥ አንቱ የለውም፣ የእኛ ልጆችም አንቱታን ከየት ያምጡት? ሳባ ፈረደ ትላቸዋለች፤ አያቴ ማለቷ ነው።

«ስሚኝ ኖዓዬ። በእኛ መንደር ተጓዥ ባዶ እጁን አይሸኝም። ቀሪው ሰው ያለ እሱ ሥራ የማይሠራበትን ነገር ያስይዘዋል። ገበሬ ማጭዱን ይሰጣል፤ ሸማኔ መወርወሪያውን። ተጓዡ ያን ሊመልስ ግዱን ይመጣል፤ ቀሪውም ያን ሊቀበል ግዱን ይጠብቃል። መያዣ ነው።» ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ነቅለው መዳፏ ላይ አስቀመጡት። «ሌላ ቁልፍ የለኝም። ይኸ ከሌለ መኪናዬ አትነቃነቅም። መኪናዬ ካልተነቃነቀች እኔም እዚሁ ነኝ። እናትሽም ወደ እኔ ትመጣለች።»

«ሮኬትስ?» አለች ኖዓ።

«ሮኬቱ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። አልዋሽሽም። እኔ ግን እዚህ ነኝ።»

ልጅቱ ቁልፉን አየችው። ከዚያ በጣቷ ወደ ጠጠሯ ጠቆመች። «ያችስ የማን መያዣ ናት?»

«የእናቴ።»

«መለስክላት?»

አያ ፈረደ ወደ ጠጠሯ ዞሩ። «ገና ነኝ» አሉ።

ኖዓ ወረደች። የሳቸውን ጃኬት እንደታጠቀች፣ ቁልፉን በጡጫዋ እንደያዘች፣ ከብርቱካን ጋር ወደ ወረፋው ሄደች። እኔና አያ ፈረደ አጥሩ ሥር ቆምን። መርከቡ ተላቀቀ። ውኃው በእኛና በሱ መሐል ሲሰፋ ሳይ፣ ልጄን ራሴ ለውኃ የሰጠኋት መሰለኝ።

ያኔ ነው፣ ዓይናቸውን ከመርከቡ ሳያነሡ የነገሩኝ። ከወገራ በእግራቸው ሱዳን የገቡት ገና ጎረምሳ ሆነው ነው፤ ከእናታቸውና ከታመመች እህታቸው ጋር። እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጠጠሯ የገንቦውን ጭቃ የሚያለሰልሱባት ናት፤ እናትየውም ከራሳቸው እናት የወረሷት። በስደተኞቹ መጠለያ ውስጥ አንድ ቀን የእስራኤል ሰዎች ወጣት ወጣቱን እየመረጡ በባሕር ሊወስዱ መጡ። እናታቸው «ሂድ፤ እህትህ ስትድን እንከተልሃለን» ብለው ጠጠሯን ከጥቅላቸው አውጥተው አስያዟቸው። በጀልባ ወስደው መርከብ ላይ ጫኗቸው። እናትና እህት ግን ከዚያ መጠለያ አልወጡም። ሁለቱም እዚያው ተቀበሩ፤ የት እንደሆነ የሚያሳይ ሰው እንኳ አልተገኘም።

«ፈሪ ለናቱ ይላሉ» አሉኝ። «እኔ ፈርቼ፣ እሺ ብዬ ሄድሁ። ለናቴም አልሆንሁ። መያዣዋን እንደያዝሁ ቀረሁ። መርከብ ባየሁ ቁጥር አሁንም ጠጠሯን የምትጠብቅ ይመስለኛል።»

 «እግዜር ያውቃል፣ አያ» ብቻ አልሁ። መርከቡ ከዓይን ሲጠፋ እኔ ወደ ባቡሩ ሄድሁ፤ ጠዋት ሥራ አለብኝ። እሳቸው ቀሩ። በማግስቱ የፋብሪካውን ሰው ሌላ ሹፌር አመላለሰ፤ አለቃቸውም እንደ ጉድ ተቆጣ።

ሌሊቱን ዘመድ ቤት እያደሩ ቀን ቀን መኪናዋ አጠገብ ይውሉ ነበር። በሁለተኛው ቀን ደወሉልኝ።  ጥበቃው መጥቶ ይህችን መኪና አንሣ አላቸው። ቁልፉ የታለ ሲላቸው «ባሕር ላይ ነው» አሉት። በዚያ በጋ፣ በወደብ በር ላይ፣ ባለቤቱ የማያንቀሳቅሳት ሚኒባስ! ሰው ጠሩባቸው። መኪናዋን ከበቡ፤ ወንበሩን እያነሡ ፈተሹ፤ ውሻ አስገቡ። ግድግዳ አስይዘው አቆሟቸው። «አንች፣ ጠጠሯን አንዱ አንሥቶ ወደ ብርሃን እያገላበጠ አያት» አሉኝ። «ጣላት ስል መልሶ አስቀመጣት።»

«አያ፣ በሞቴ፣ ይምጡ! መኪናዋ ትጎተት! ለልጅቱ እኔ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለሽ? ልጅቱ ቁልፉን ይዛ ስትወርድ እኔ ከሌለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምን ታምናለች?»

ስልኩን ዘጉ። ያን ዕለት አዛቃው ሁለት ጊዜ ጮኸ። ደረጃው ሥር ብቻዬን ተቀምጬ፣ ስለ ባሌ ልፍራ፣ ስለ ልጄ፣ ወይስ ስለ እሳቸው፣ ፍርሃቴን መደልደል አቃተኝ።

መርከቡ በተመለሰ ቀን በባቡር ሄድሁ። አያ ፈረደ መኪናቸውን ተደግፈው፣ ጺማቸው አድጎ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመዋል። ኖዓ ከሩቅ አየችን። አልሮጠችም። ፈራ ተባ እያለች መጣችና መጀመሪያ ፊቴን ዳሰሰች። «አለሽ» አለች። «አለሁ።» «አባባስ?» «ጠዋት ደውሏል።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ ጡጫዋን ከፈተች። የቁልፉ ጥርስ መዳፏ ላይ ታትሟል። ብርቱካን ስትበላም ስትተኛም አላስቀመጠችውም አለች። አያ ፈረደ ቁልፉን ተቀበሉና ዓይናቸው ሞላ። «መለስሽው» አሉ። «አየሽ፣ ይመለሳል።» ለሷ ይሁን ለራሳቸው የተናገሩት፣ አላወቅሁም።

ባሌም በሰላም ገባ፤ ተመስገን። ኖዓ ቀስ በቀስ እንቅልፏ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ በየሰንበቱ እሳቸው ቤት ካልሄድሁ ትላለች። ለሚስታቸው ለእቴ ዘነቡ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም ነበርና የልጅ ያህል አቀፏት።

ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ። አያ ፈረደን ደረታቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሐኪሞቹ ልባቸው በቀዶ ጥገና መከፈት አለበት አሉ። ሆስፒታል የሚገቡ ዕለት መኪናዋን እኛ ሕንጻ ሥር አምጥተው እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ አስገብተው አቆሟት። እቴ ዘነቡ የልብስ ቦርሳ ይዘው ታክሲው ጋ ይጠብቃሉ። እኔ «አይዞዎት፣ ዛሬ ይኸ ቀላል ነው» እያልሁ የማላምነውን እቀባጥራለሁ። ኖዓ ከደረጃው እየሮጠች ወረደች።

«ባዶ እጅህን ልትሄድ ነው?» አለቻቸው።

ሳልይዛት መነጽሯን አውልቃ አቀበለቻቸው። «ያለ እሱ ሰሌዳውን አላይም። መያዣ ነው።»

እኔ ባሕር ሲያዩ የሚፈሩትን አውቃለሁ፤ ያን ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁት ከዚያ የባሰ ነበር። እጃቸውን ሰበሰቡ። «ኖዓዬ፣ ይኸንስ አልችልም» አሉ። እሷ ዘርግታ ቆመች። በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ታክሲው ውስጥ እስኪገቡም እንደዚያው እንደያዙት ነበር።

ኖዓ መነጽር አልባ ትምህርት ቤት ዋለች። መምህርቷ ደወለችልኝ። ሌላ ልግዛልሽ ብላት «ሌላ ካደረግሁ እሱ አይቸኩልም» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ነው ፋብሪካ ያረዱኝ።

ሮጬ ስመለስ ሚኒባሷ ሕንጻችን ሥር ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማለች።

ለቅሶ ላይ እቴ ዘነቡ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ከጉያቸው በፋሻ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። መነጽሩ ነበር።

«ወደ ቀዶ ጥገናው ሲያስገቡት ሰዓቱንም ቀለበቱንም ዝም ብሎ ሰጠኝ» አሉኝ እያለቀሱ። «ይኸን ግን እጄ ላይ አስቀምጦ እጄን ጨብጦ ያዘ። ‹ዛሬውኑ ለልጅቱ አድርሺ፤ አንድ መያዣ ይዤ ቀርቻለሁ፣ ሁለተኛ አልይዝም። እኔ ባልመጣ ልጅቱ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ እንዳትኖር› አለኝ። እኔ ነኝ ፈርቼ ያስቀመጥሁት። መልሼ ከሰጠኋት የሚሞት መሰለኝ።»

መነጽሩን ለኖዓ ስሰጣት አላለቀሰችም። አደረገችው፤ ግድግዳውን፣ እኔን፣ በመስኮቱ በኩል ሚኒባሷን አየች። «ልኮልኛል» አለች። «ስለዚህ አይመጣም ማለት ነው።» ያኔ እኔ ጮኼ አለቀስሁ፤ አይዞሽ ሲሉኝ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ተከትለውኝ አለቀሱ።

በሰባተኛው ቀን መቃብር ሄድን። እዚህ አገር ሰው መቃብር ሲጎበኝ ትንሽ ድንጋይ አንሥቶ ከላይ ያኖራል። እቴ ዘነቡ ግን ያችን ጥቁር ጠጠር ከመኪናዋ አምጥተው ነበር። ለኖዓ ሰጧት። ልጅቱ ቁጢጥ አለች፤ እንደ ሌላው ከላይ አላስቀመጠቻትም። አፈሩ ገና ለስላሳ ነበርና በጣቷ ምሳ፣ እጇ እስከሚደርስ አስገብታ ቀበረቻት።

«ሳባ፣ አሁን መልስላት» አለች።

ሰው ወደ መኪናው መመለስ ጀመረ። እኔም እጇን ይዤ ዞርሁ። እሷ አልዞረችም። ፊቷን ወደ መቃብሩ እንዳደረገች፣ አንድ አንድ እግር ወደ ኋላ እያለች መራመድ ጀመረች። «ትወድቂያለሽ» አልኋት። አልሰማችኝም። ድንጋይ እንዳያደናቅፋት በትከሻዋ ይዤ፣ ዛፎቹ እስኪጋርዱት ድረስ እንደዚያው ወደ ኋላ እየመራሁ ወሰድኋት።